አባቴ ያልነካት ካሜራ

ፎቶ ማንሳት መማር ጀመርኩ ብሎ ወደ ፎቶ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «የትኛውን ካሜራ ልግዛ? ርካሽ ሆኖ ጥሩ የሆነ።» ርካሽ ሆኖ ጥሩ! ይህን በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ከዚያ «እስቲ እጅህን አሳየኝ» እላለሁ። ይደነግጣሉ፤ መዳፍ የማነብ ጠንቋይ የሆንኩ ይመስላቸዋል። እኔ የማየው ግን የእጃቸውን መጠን ብቻ ነው። ትንሽ እጅ ላላት ልጅ ከባድ ካሜራ አላሸክማትም። ይህን ያወቅኩት ከአባቴ ነው። እኔን ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እናቴን ሲያስተምር አጠገባቸው ቆሜ ነው የሰማሁት፣ ያውም እንደ ጉድ አኩርፌ።

ፎቶ ቤቱ የአባቴ ነበር። በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ አትነቃነቅ» በሚለው ነው። ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው ዓይኑ እንኳ ከተርገበገበ «አትነቃነቅ!» ይላል። ድምፁ የዋዛ አይደለም፤ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሳይቀር ቀጥ ይላል። እናቴ ደግሞ ደንበኛ ተቀባይ፣ ፀጉር አበጣሪ፣ ፎቶ ቆራጭ፣ ሁሉንም ነበረች። ኮት ለሌለው ሰው የምናውሰው አንድ ጥቁር ኮት ነበረን፤ ለቀጭኑም ለወፍራሙም እሱው ነው። ቀጭን ሰው ሲለብሰው እናቴ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ትሰበስበዋለች። ሰውየው ከፊት ሲታይ ሚኒስትር፣ ከኋላ ሲታይ የልብስ ማስጫ ገመድ ይሆናል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አፌን አፍኜ እስቅ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የአንዲት ሙሽራ ወንድም አባቴ ያነሣቸውን የሠርጓን ፎቶዎች መልሶ ያመጣ ቀን ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሰውየው አልጮኸም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና «ጋሼ፣ እህቴ በዚህ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ፊት የላትም» አለ።

ብድግ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ቤት ውስጥ የተነሡት ደህና ናቸው፤ ደጅ የተነሡት ግን ሙሽራዋም ሚዜዎቹም ውኃ ውስጥ የተነሡ ይመስላሉ።

«ማሽኑ ነው» አለች እናቴ ቀደም ብላ። «ማሽኑ አርጅቷል። ይቅርታ አድርግልን፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «ማሽኑ» ታመመ። እኔም አምኜ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያንን ከባድ ጥቁር ካሜራ በጨርቅ እየወለወልኩ «እግዜር ይማርህ» እለው ነበር።

ግን የተለወጠው ካሜራው ብቻ አልነበረም፤ አባቴም ተለወጠብኝ። ከትምህርት ቤት ሲያመጣኝ ትልቁን መንገድ የሚያሻግረኝ እጄን ይዞ ነው። እጁ ትልቅ፣ ሞቃትና የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የሚሸት ነበር። አንድ ቀን መንገዱ ዳር ስንደርስ እጁን ኪሱ ከተተና «አሁን ትልቅ ልጅ ሆነሻል፤ ኮቴን ያዢ» አለኝ። የኮቱን ጫፍ ይዤ ተሻገርኩ። በማግሥቱም ኮት፣ ከዚያም ወዲያ ኮት። ማን ትልቅ ልሁን አለ? ከኛ ጋር ሻይ መጠጣቱንም ተወ። ብርጭቆው ፊቱ ይቀርብና «ደጅ ጠጥቻለሁ» ይላል። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ደህና ልብሱን ለብሶ አውቶቡስ ይሳፈርና ማታ ይመለሳል። የት ነበርክ ስለው «ጉዳይ ነበረኝ» ይለኛል። ጉዳይ! ትልቅ ሰው ልጅን ከቤት ሳያስወጣ በር የሚዘጋባት በዚህ ቃል ነው።

ያን ዓመት የወንበር ጓደኛዬ አባት ቤቱን ጥሎ ሄዶ ነበር። «ከመሄዱ በፊት ጉዳይ ይበዛበት ነበር» ብላኛለች። እንግዲህ ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልገኛል?

አንድ እሑድ ደግሞ እናቴና አባቴ ፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲነጋገሩ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«እኔ አልችልም» ትላለች እናቴ። እያለቀሰች ነው። «እኔ ኮት ቆንጣጭ ነኝ። ፎቶ ማንሳት የት አውቄ?»

«ትችያለሽ። ጊዜ ሳለን ተማሪ።»

«ለልጅቷስ ምን እንበላት?»

«ለሷ ምንም አይነገራትም። እሷ የሰማችውን ከመምሸቱ በፊት ሰፈሩ ይሰማዋል።»

ይህ እንኳ ሐቅ ነው፤ ያን ጊዜ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም ነበር። ግን «ጊዜ ሳለን» ማለት ምን ማለት ነው? ለኔ ግልጽ ነበር። አባቴ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት ሥራውን ለእናቴ ሊያስረክባት ነው።

ቅዳሜ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅ ሦስታችን ሄድን። እናቴ ከባዱን ካሜራ በከረጢት ይዛለች፤ አባቴ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ከፊት ይሄዳል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከጣሪያ እስከ ወለል በመስተዋት መደርደሪያ ተሞልቷል፤ በያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ካሜራዎች ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩናል። መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ባለ ሱቅ ገና ሲያየን ተነሣ።

«ጋሽ አትነቃነቅ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?»

«ለሷ ነው» አለ አባቴ፣ በአገጩ ወደ እናቴ እያመለከተ። «ጀማሪ ናት። ከአቅማችን ያልበለጠ እንፈልጋለን።»

በአገጩ! እጅ የለውም እንዴ? አልኩ በሆዴ።

ባለ ሱቁ መጀመሪያ ያወረደው ባለ ረጅም ሌንስ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ፣ ቀበቶው ሳይቀር አዲስ። እኔ ወዲያው ወደድኩት። «ይሄ እኮ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የዝንብ ዓይን ያነሣል» አለ ባለ ሱቁ።

«ዝንብ ጉርድ ፎቶ አትነሣም» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «ያዢው እስቲ። ወደ ዓይንሽ አድርጊው። እዚያው አቆዪው።»

እናቴ አነሣችው። ጥቂት ቆይታ የእጇ አንጓ ወደ ታች መታጠፍ ጀመረ።

«ይከብዳል?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ይከብዳል።»

«መልሺው።»

ሁለተኛውም ተመለሰ፤ መጫኛው ለጣቷ ሩቅ ነበር። ሦስተኛው ውድ ነበር። አባቴ መደርደሪያዎቹን በዓይኑ ሲያስስ ቆየና ከታችኛው ጥግ ያለችውን አንዲት ትንሽ ካሜራ አየ። «ያቺን አውጣልን።»

«እሷን?» ባለ ሱቁ እያፈረ አወጣት። «እሷ እኮ የመማሪያ ናት፣ ጋሼ። ጫፏም ተፍቋል።»

ተፍቋል ሲያንስ ነው! ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ማዕዘኖቿ ላይ ቢጫ ብረት ይታያል። ዙም የላት፣ ምን የላት። አስጠላችኝ።

«የተፋቀው ቆዳዋ ነው፤ ዓይኗን እንይ» አለ አባቴ። ከዚያ ትእዛዝ ጀመረ። «ሌንሱን ፍቺው። ወደ መስኮቱ አዙሪና በውስጡ ተመልከቺ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ይታይሻል?»

«አይታየኝም።»

«ድር ካለ ሻጋታ ነው፤ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂው። አሁን መልሰሽ ግጠሚው። ብርሃን የምታስገባው የውስጥ መስኮቷ ቀስ ብላ እንድትዘጋ አድርጊና ተጫኚ። ጆሮሽን አስጠጊ።»

እናቴ ካሜራዋን እንደ ሕፃን ደረት ጆሮዋ ላይ አስጠግታ አዳመጠች። ጭ... ክ።

«ተንተባተበች?»

«አልተንተባተበችም።»

«ጎሽ። እሷን እንወስዳለን።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አንዴ አይሞክሯትም?» አለ ባለ ሱቁ፣ ካሜራዋን ወደ አባቴ እየዘረጋ።

አባቴ አልተቀበለውም። እጁን ከኪሱ አላወጣም። «የሚሠራባት ሰው ይንካት» አለ። የባለ ሱቁ እጅ አየር ላይ ቀረ። እኔ በአባቴ ፈንታ አፈርኩ፤ እንዲህ ያለ ኩራት አይቼበት አላውቅም ነበር።

ከባዱ ካሜራ በልዋጭ እንዲያዝ ተስማሙ። ባለ ሱቁ ለጋስ ሆኖ «የሚሰጡኝ ትልቅ ዕቃ ነው፤ ትርፉ አንድ ደህና ሌንስ ይጨምርልዎታል» አለ።

«አይሆንም። በትርፉ ያንን ቀላል የካሜራ ማቆሚያ ሦስት እግር ስጠን፤ ደጅ ይዛው የምትወጣውን። የተረፈው ፊልም ይሁን። ጀማሪ ገንዘቡን ሌንስ ላይ ይጨርስና ፊልም መግዣ ሲያጣ የሚያነሣው በሕልሙ ነው።»

እናቴ ከባዱን ካሜራ ከከረጢቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እንተወው፤ ይዘነው እንመለስ» አለች በሹክሹክታ። አባቴ ጎንበስ አለና ሌንሱ ላይ ያረፈውን አቧራ አንዴ እፍ አለበት። ከዚያ ዞሮ ወጣ።

ከኋላው እየሮጥኩ ወጣሁ። ካሜራውን የሚሸጥ ፎቶ አንሺ የት አለ? የማይመለስ ሰው ካልሆነ በቀር።

ዛሬ ያንን ሱቅ ሳስታውስ የሚታየኝ ሌላ ሰው ነው። የአባቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ጉዳይ የሚለው ሐኪም ቤት ነው፤ እያደር ይብሳል እንጂ አይሻልም ብለውታል። ሻይ የተወው ብርጭቆው እንዳይንጫጫ ነው። ደጅ የተነሡት የሠርግ ፎቶዎች የተበላሹት ካሜራውን በእጁ ይዞ ስላነሣቸው ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው የብረት ሦስት እግር ግን እጁን ይሸፍንለት ነበር። በዚያ ሱቅ ካሜራዋን ቢቀበል ኖሮ ወሬው ከኛ በፊት ሰፈር ይገባ ነበር። እጁ የሚንቀጠቀጥ ፎቶ አንሺ ዘንድ ማን ይመጣል? የምንበላው ደግሞ ከዚያች ፎቶ ቤት ነው። እናቴ ይህን የነገረችኝ ቁመቴ ከሷ ከበለጠ በኋላ ነው፤ እጁን መደበቅ ካቃተው በኋላ።

ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ቤታችን ትምህርት ቤት መሆኑን ነው። እናቴ የምትማረው ፊልም በሌላት ካሜራ ነበር። «ፊልም ውድ ነው፤ መጀመሪያ በባዶው ተለማመጂ» ይላል አባቴ። ስበላ ታነሣኛለች፣ ጫማዬን ሳስር ታነሣኛለች፣ ፎቶ ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ!

«ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ» ይላል አባቴ ከወንበሩ ላይ። «አየሩን አውጪ። ከማስገባትሽ በፊት ተጫኚ። አይ፣ ቸኮልሽ።»

«አልቸኮልኩም!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንደገና።»

እኔም መልክ ማሳመር ሰለቸኝ። ባዶ ካሜራ ምን ያገባኛል ብዬ ባነሣችኝ ቁጥር ምላሴን እስከ አገጬ አወጣላት ጀመር። ለካ አንድ ቀን ሳይነግሩኝ ፊልም አስገብተው ኖሯል። የእናቴ የመጀመሪያዋ ጥርት ያለች ፎቶ የኔ ምላስ ናት። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ በሳቅ ፈረሰ። «እዩት! እዩት! እያንዳንዷ ነጥብ ትታያለች!» ይላል፣ እንባው እየወረደ። እናቴም ስቃ ስታበቃ አለቀሰች። ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባኝም። በምላሴ የሳቁ መስሎኝ ሁለቱንም አኮረፍኳቸው።

ፈተናው የመጣው በኔው ትምህርት ቤት ነው። በየዓመቱ የየክፍሉን ፎቶ የሚያነሣው አባቴ ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ግን ርዕሰ መምህርቷ ሌላ ፎቶ ቤት ልታይ ነው የሚል ወሬ ሰምተናል። ያን ቀን ጠዋት እናቴ ቀበቶውን አንገቷ ላይ እያጠለቀች «ይህ ከተበላሸ ፎቶ ቤቱ አበቃለት» አለች። አባቴም «አዎ» አለ። ይህን በደንብ ሰማሁ፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረውም።

ሰማዩ ደመና ነበር። የክፍሌ ልጆች በረጃጅም ወንበሮች ላይ በሦስት ረድፍ ቆመናል። እናቴ ሦስት እግሩን ዘርግታ ያቺን ፍቅፍቅ ካሜራ ላዩ ላይ ስታስቀምጥ ርዕሰ መምህርቷ ወደ አባቴ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አያነሡንም እንዴ?»

«ዘንድሮ የምታነሣው እሷ ናት። እኔ አዛዥ ሆኛለሁ።»

ርዕሰ መምህርቷ ካሜራዋን፣ ከዚያ እናቴን አየች። ሰዓቷንም አየት አደረገች።

«ልጆች» አለች እናቴ። «ልጆች፣ እባካችሁ...» ማን ይሰማታል? አንዱ ይገፋል፣ አንዷ ፀጉር ትጎትታለች፣ ከኋላ ያለው ቀንድ ያበጃል። የእናቴ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ሲል ታየኝ። ልጮህላት ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ ልጩህ? እሷም ዞር ብላ አባቴን አየችው።

«አትነቃነቁ!»

ወይ ድምፅ! ሦስቱም ረድፍ ድንጋይ ሆነ። ዘበኛው እንኳ መጥረጊያውን እንደያዘ ቀጥ አለ። እናቴ አየሯን አወጣች። ጭ... ክ።

እንዲህ እያሉ ክፍሉን ሁሉ አዳረሱ፤ እሱ ያዛል፣ እሷ ታነሣለች። ስትጨርስ ፊልሟን አየችና «አንድ ቀርቶኛል» አለች። «በሉ ቁሙ፣ አባትና ልጅ።»

አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ የከረመው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«የት?»

«ጥለኸን የምትሄደው!»

እናቴ ከካሜራው ጀርባ ቀና አለች። አባቴ «ማነው እንዲህ ያለሽ?» አለኝ።

«ማንም። ካሜራህን ሸጥክ። ጉዳይ ይበዛብሃል። ሥራህን ለእማዬ ሰጠህ። እጄን... እጄን አትይዘኝም።» ቀጥሎ የምለው ነበረኝ፤ ግን ለቅሶው ቀደመኝ።

አባቴ አንዴ እናቴን፣ አንዴ እኔን አየ። «የትም አልሄድም፣ ሚጣዬ» አለ በመጨረሻ። «ካሜራውን የሸጥኩት እናትሽ የምትችለውን ልገዛላት ነው። የት እሄዳለሁ እናንተን ትቼ?»

«እጅህንስ?»

ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። «በይ ያዢ» አለኝ።

በደንብ ያዝኩት። ይንቀጠቀጣል። ጨበጥ ባደርገውም አልተወም። ፎቶው እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ፣ እሱ ሰውን እንደሚያዝ በሙሉ ድምፄ «አባዬ፣ አትነቃነቅ!» አልኩት።

ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያጠፋሁ መሰለኝ። ከዚያ አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «እሺ፣ እሞክራለሁ» አለ። እናቴም የሳቀች መሰለኝ፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አይቻለሁ፣ ፊቷ ግን ካሜራው ጀርባ ነበር። ጭ... ክ።

የትምህርት ቤቱ ፎቶዎች ታጥበው ሲወጡ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠርባቸው ነበር። ርዕሰ መምህርቷ አንድ በአንድ አየቻቸውና «ለሚቀጥለውም ዓመት እናንተው ናችሁ» አለች። እናቴ ያን ዕለት ሻይ ስትቀዳ ለአባቴ እስከ ግማሽ ብቻ ቀዳችለት፤ እሱም ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ።

የኔና የአባቴ ፎቶ ግን ተበላሽቶ ወጣ። ፊታችን ጥርት ብሏል፤ እሱ ይስቃል፣ እኔ በእንባዬ ላይ ተቆጥቻለሁ። ከወገባችን ዝቅ ሲባል ሁለቱ እጆች ያሉበት ቦታ ጉም ነው። የኔ የትኛው፣ የሱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። «እማዬ፣ ይቺ ደብዝዛለች፤ ጣያት» አልኳት፣ የጀማሪ ስህተት መስሎኝ። አልጣለቻትም። ፍሬም አሠርታ ደንበኛ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ሰቀለቻት። ገበያ ታበላሻለች ብዬ ምን ያህል ተከራከርኳት!

እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ካሜራ ሊያስመርጡኝ የሚመጡት ሁሉ ያዩዋታል። «ይህችን ማሽኑ ነው ያበላሻት?» ይሉኛል። ያቺን ፍቅፍቅ ካሜራ ከመሳቢያ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። «ማሽኗ ደህና ናት። ጆሮህን አስጠግተህ ስማት፣ አሁንም አትንተባተብም» እላለሁ። የቀረውን አልነግራቸውም።

የቀረው ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሆነው ነው። እናቴ ሦስት እግሩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከኋላችን ትመጣለች። ትልቁን መንገድ እኔና አባቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። ከተሻገርንም በኋላ አለቀቅኩትም። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ደመናም ስለነበር በርዶታል አልኩ። እንግዲያው ኪሱ ይከተው የነበረው ለዚህ ነዋ! በሁለት እጄ ያዝኩና አፌ ላይ አስጠግቼ እፍ እፍ እያልኩ አሞቀው ጀመር። አባቴ እርምጃውን በኔ ልክ አድርጎ፣ በጎን ዞሮ፣ ጎንበስ እንዳለ ተከተለኝ። በራችን ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁት።

«አሁንስ?» አልኩት።

«ሞቀኝ» አለ።